ጠጠር ብለን የጠራነው

ልጄ መኪና መንዳት ያስተምራል። ተማሪዎቹ ከጀርባው «ጋሼ ፍሬን» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪው በኩል ትርፍ ፍሬን አላት፤ እሱ ከዚያ ላይ እግሩን አንሥቶ አያውቅም። ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንኳ ቀኝ እግሩ ወለሉን እንደተጫነ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው እኛ ዐይኑን ሸፍነን ልንነዳው የተነሣነው።

ነገሩ የጀመረው ምራቴ የዐይኑን ነጭ ያየች ጠዋት ነው። ምራቴ ሆቴል ላውንደሪ ስለምትሠራ በነጭ ነገር አትታማም። ዐይንህ ቢጫ ሆኗል አለችው። የመብራቱ ነው አላት። መስኮት ዘንድ ወስዳ አየችውና፣ ሻሿን እንኳ በወጉ ሳታስር እየጎተተች ሐኪም ቤት አደረሰችው። በአፉ ቱቦ አስገብተው ተዘግቶ የነበረውን የሐሞት መስመር ከፈቱለት። ቢጫው ለቀቀ፣ ማሳከኩ ተወው፣ የምግብ ፍላጎቱም ተመለሰ። እሱ ዳንኩ ብሎ ሸሚዙን ሲቆልፍ ቀዶ ሐኪሙ ምራቴንና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራን።

ቆሽቱ ላይ ዕጢ አለ አለን። ካንሰር ነው አለን። ብዙ ሰው እሱ ዘንድ የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ እንደሆነ፣ የእኛ ግን ቀድሞ ስለተገኘ ቆርጦ ማውጣት እንደሚቻል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ቀን እንደያዘለት ነገረን።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «ቆሽቴን አሳረርከው» ስል ኖሬያለሁ፤ ለዚሁ ልጅ ስንቴ ብየዋለሁ። የት እንዳለ ግን አላውቅም ነበር። ሐኪሙ የራሱን ሆድ ነክቶ፣ ከጨጓራ ጀርባ፣ እዚህ ጋ ብሎ አሳየን። ዐይኔ ጣቱ ላይ ቀረ።

ወዲያው የጋውኑን እጅጌ ያዝኩና ለእሱ እንዳይነገረው አልኩት። ሐኪሙ የማወቅ መብት አለው፣ የገዛ ሰውነቱ ነው ምናምን አለ። ተሽሎት ሲነሣ ያውቃል፣ አሁን ከነገራችሁት ግን ቢላዋው ሳይነካው በድንጋጤ ያልቃል አልኩት። ምራቴ አቀረቀረች። ሐኪሙ ሰዓቱን አየና፣ ከጠየቀኝ አልዋሸውም፣ ካልጠየቀኝ ግን እናንተው ቶሎ ንገሩት ብሎ ሄደ። ልጄም አልጠየቀውም። ምክንያቱም እኔ ቀድሜ ገብቼ፣ የሐሞት ጠጠር ነው፣ ያወጡልሃል አልኩት።

ሰው ይፈርድብኝ ይሆናል። ግን ልጄን የማውቀው እኔ ነኝ። ትልቅ ሰው መስሎ ይታያችሁ እንጂ ልቡ የወፍ ነው። ትንሽ ሆኖ ክትባት የሚሰጡ ነርሶች ትምህርት ቤት መጡ ሲባል በክፍሉ መስኮት ዘሎ ጠፍቶ፣ ሲመሽ ከጎረቤት የዶሮ ቤት ውስጥ ነው ያገኘነው። ጭንቅላቱ ላይ ላባ ነበረበት። ለእንዲህ ያለ ልጅ ካንሰር የሚል ቃል በየትኛው አፌ እነግረዋለሁ?

ስለዚህ ቤቱን ሁሉ አስጠናሁ። ጠጠር። እህቱ ስትደውል ጠጠር፣ ጎረቤት ሲጠይቅ ጠጠር። ለእያንዳንዳቸው እውነቱን ነግሬ፣ እሱ ፊት ግን ጠጠር በሉ እላለሁ። አስቡት እንግዲህ፣ ለአንድ ሰው ለመደበቅ ለሰፈሩ ሁሉ ነገርኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ይኸው ነው።

እሱ በማግስቱ ሥራ ገባ። እኔ ግን እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ተቀምጬ እነሣለሁ፣ ኩሽና ገብቼ ለምን እንደገባሁ እረሳለሁ፣ ያጠብኩትን ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። ቤታቸው ነው የምኖረው፤ ሲስል እሰማለሁ፣ ካልሳለም ለምን ዝም አለ ብዬ በሩ ላይ እቆማለሁ።

የጥናቱን ወሬ ያመጣችው የልጄ ትልቋ ልጅ ናት። ክርክር ስለምትወድ ጠበቃዋ እንላታለን እንጂ ሥራዋ የስልክ ጥገና ነው። የአባቷን የላቦራቶሪ ውጤት ልትቀበል ሆስፒታል ሄዳ ወረፋ ላይ ከአንድ አናጺ ጋር ተዋወቀች። የአናጺው ሚስት ያው የቆሽት ሕመም ይዟት ከወር በፊት ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ነበር። አዲስ ክትባት እየተሞከረ ነው አላት። እንደ ልጆች ክትባት አስቀድሞ የሚሰጥ አይደለም፤ ከታማሚው ከራሱ ዕጢ ተነሥቶ ለእሱ ብቻ የሚሠራ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚወጋ፣ በሽታው እንዳይመለስ ሰውነቱን የሚያስተምር ነው አላት። ግን ዕጢው ከቀዶ ክፍሉ እንደወጣ ለጥናቱ መሰጠት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ በሽተኛው ከቀዶ ጥገናው በፊት መመዝገብ አለበት።

«የሷን ጥለውታል» አላት አናጺው። «የሰማሁት ከተጣለ በኋላ ነው። ያንቺ አባት ካልተቀደደ ሩጪ።»

ሮጠች። ጥናቱ የሚካሄደው በዚያው ሆስፒታል ግቢ፣ በጀርባ በኩል ባለ አዲስ ሕንፃ ነው። የጥናቱ ነርስ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ጠየቀቻት፤ ጠበቃዋም መልሱን አጣርቼ ልደውል ብላ ቤት መጣች። ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሰላዮች ቤት ሆነ።

ክብደቱ ይፈለጋል። ጠበቃዋ ሚዛን ተውሳ መጣችና እንወራረድ፣ ከዚህ ቤት ከባዱ ማነው አለች። ለማስመሰል መጀመሪያ እኔ ወጣሁ፤ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችብኝ፣ ይቅር ይበላት። ልጄ ከነጫማው ወጣ። አውልቅ ስንለው ሁለታችንም እኩል ጮህን መሰለኝ፣ አየን አየንና ለጫማዬ ምን አስጨነቃችሁ አለ። ደግሞ ደረጃ ሲወጣ ያርፋል ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። ለዚያ ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ታንከር እያንጠባጠበ ነው ብዬ ላክሁት፣ እኔ ከሥር ሆኜ ትንፋሹን አዳመጥኩ። ምራቴ ደግሞ ከነርሷ ጋር በረንዳ ላይ ሆና በሹክሹክታ ትነጋገራለች፤ እሱ ሲመጣ ስልኩን ትዘጋለች። ሁሉም መልስ ጥሩ ሆነ። ነርሷ ደስ አላት፣ ይሄ ሰው ለጥናቱ የሚሆን ይመስላል፣ በሉ አሁን እሱን አገናኙኝ አለች።

ገላውን እየታጠበ ነው አልናት። በማግስቱ ደወለች፤ ጠበቃዋ ምንም ሳታስብ ያንኑ ደገመች። ሦስተኛ ስትደውል እኔ አነሣሁና እኔም መታጠቢያ ቤት ነው አልኩ።

«እማማ፣ ሰውየው ዓሣ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ግን ድምፅዋን ለውጣ፣ በሽታውን አያውቅም አይደል ብላ ጠየቀችኝ።  ያላወቀ ሰው አይመዘገብም አለችኝ፤ ራሱ መጥቶ፣ አንብቦ፣ ጠይቆ፣ በእጁ መፈረም አለበት።

ያን ቀን ቤት ውስጥ ተጣላን። ምራቴ ልንገረው አለች። እኔ እንዲኖር ብለን የምንገድለው ከሆነ ምን ዋጋ አለው አልኩ። ጠበቃዋ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትይ አልነበር እንዴ እማማ?»

«እሱ መቼ ደበቀ? እኛ ነን የደበቅንለት።»

«እሱማ ይብሳላ!»

እኔ ስሸነፍ እቆጣለሁ። ከእኔ በፊት የሚነግረው ካለ ከዚህ ቤት እወጣለሁ አልኩ። ምራቴ የሰው ሆድ የማታስከፋ ሴት ናት፣ እማዬ እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ አለችኝና ፊቷን ወደ ልብስ ማጠፉ መለሰች። አንድ አንሶላ ስንት ጊዜ አጥፋ እንደፈታችው እኔም ያላየሁ ለመምሰል ሞከርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ለማንም ሳልናገር ወደ ጥናቱ ሕንፃ ሄድኩ። ሐሳቤ ነርሷን መለመን ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ፣ ግድግዳው ላይ የሰው ሆድ ዕቃ ሥዕል። በስልክ ከልጄ የምታንስ አትመስለኝም ነበር፤ ለካ የልጅ ልጄን ታክላለች። ቀስ ብዬ፣ የእኔ ልጅ፣ ወረቀቱ ላይ የጠጠር ክትባት ብለሽ ጻፊለት፣ እሱ ይፈርማል፣ እኔ ለነፍሱ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ አልኳት።

አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እኔ አቀረበች።

«እማማ፣ እኛ ይሄን ሰው ለብዙ ወር እየተመላለሰ እንዲወጋ ነው የምንጠይቀው። ያተኩሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ አልጋ ላይ ይጥለዋል። ጠጠሬ ከወጣልኝ ወዲያ ምን አገባኝ ብሎ ሁለተኛው መርፌ ላይ ቢቀርስ? ደግሞ ያድን አያድን ገና አናውቅም። ለማወቅ ነው የምንሞክረው። እሱ ላይ ነው የምንሞክረው፣ እርስዎ ላይ አይደለም።»

ምነው እኔ ላይ በሆነ አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ። ከዚያ ከሰኞ በፊት የቀረው ነገ ብቻ እንደሆነ፣ ነገ ካልመጣ ዕጢው እንደማንኛውም ዕጢ ተመርምሮ እንደሚቀር ነገረችኝ። የአናጺው ነገር ታወሰኝ። ጥለውታል ያለው።

ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ ወዴት ነው ሲለኝ ወደ ማሠልጠኛው ሜዳ አልኩት። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ወስኖ ነበር መሰለኝ።

ልጄ ሜዳው ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ወደ ኋላ መንዳት እያስተማረ ነበር። ሴትዮዋ ከተደረደሩት የፕላስቲክ ኮኖች አንዱን ጎማ ሥር አስገብታ እየጎተተች፣ ምንድነው የሚንኳኳው ትለዋለች። የዛሬው ትምህርትዎ ነው ይላታል። ሲያየኝ ደነገጠ። ሴትዮዋን አሰናብቶ፣ እሱ በአስተማሪው ወንበር እንደተቀመጠ የሾፌሩን በር ከፈተልኝ።

«ግቢ እስቲ፣ አንቺንም ላስተምርሽ» አለኝ እየሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ። «እማዬ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

ገብቼ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሞተሩ ጠፍቷል። ፊት ለፊት ኮኖቹ ብቻ ናቸው ያሉት።

«ጠጠር አይደለም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሆድህ ውስጥ ያለው። ካንሰር ነው። ቆሽትህ ላይ ነው። ሐኪሙ ነግሮን እኔ ነኝ አትንገሩት ያልኩት።»

እግሩ ፍሬኑ ላይ ወረደ። ቁጭ ያለች መኪና ናት፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ረገጠው። እኔ አሁን ይወድቃል፣ አሁን ያለቅሳል ስል ዐይኔን ጨፈንኩ።  እሱ ግን፣

«ማን ማን ያውቃል?» አለኝ።

ቆጠርኩለት። ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ እህትህ፣ ጎረቤቶቹ፣ ባለሱቋ።

«ጎሚስታውስ?»

«ጎሚስታውም።»

«ለዚህ ነዋ ጎማዬን ሲያይ እንባው የሚመጣው።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እኔ እኮ ትታኝ ልትሄድ ነው ብዬ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ሚስቴ ናታ! ስልክ ይዛ በረንዳ ላይ ታንሾካሹካለች፣ ስገባ ትዘጋለች። ልጄ ዐይኔን አታይም። አንቺ ስትሰልዪኝ ትውያለሽ። ሁላችሁም አንድ ነገር ታውቃላችሁ። ሌላ ሰው ይዛለች፣ ቤቱም ሁሉ አውቆ ለእኔ አዝኗል ብዬ ደመደምኩ። እንቅልፍ ካጣሁ ስንት ቀኔ።»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ካንሰሩን ስደብቅለት ባዶ ቦታ የሚቀር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ባዶውን ቦታ በሌላ መርዝ ሞልቶት ኖሯል።

«እና ሆዴን ተቀድጄ ብተኛ» አለ፣ «መነሣት በማልችልበት ቀን ሻንጣዋን ይዛ ብትወጣስ ብዬ... ለጠጠር ምን ያስቸኩላል? ተማሪዎቼም ፈተና አለባቸው። ትናንት ደውዬ ለአንድ ወር አራዝሙልኝ አልኳቸው።»

«ምን አልክ?»

«ቀዶ ጥገናውን። አራዘምኩት።»

መሪውን ለቅቄ በሩን ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩ አላውቅም፣ ወዴት ልሮጥ ነበር? አንድ እግሬ ውጭ፣ አንድ እግሬ ውስጥ ሆኜ ቀረሁ። ሐኪሙ ብዙ ሰው የሚደርሰው ካለፈ በኋላ ነው ያለው ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ያን ወር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጠጠር ብዬ የሰየምኩት እኔ፤ ሰው ጠጠርን አይፈራም፣ ያልፈራውን ደግሞ ቀጠሮ ያስጠብቀዋል። የተረፈችኝን ትንፋሽ ሰብስቤ ሌላውንም ሁሉ አወጣሁት፦ ጥናቱን፣ ክትባቱን፣ ሚዛኑን፣ ታንከሩን፣ ሚስቱ በረንዳ ላይ የምታንሾካሹከው ከጥናቱ ነርስ ጋር መሆኑን። እስከ ነገ ብቻ እንደሆነ። ያድን አያድን እንደማይታወቅም ጭምር ነገርኩት፤ ያን ለመንገር ምላሴ ከሁሉ ይልቅ ከበደኝ።

«ታንከሩ አያንጠባጥብም ነበር ማለት ነው» አለ።

«አያንጠባጥብም።»

ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተ። ልደውልልህ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ስልኩን ወደ ደረቱ አራቀው።

«እኔ ነኝ፣ ራሱ በሽተኛው» አለ ለቀጠሮ ሠራተኛዋ። «ትናንት ያራዘምኩት የቆሽት ካንሰር ቀዶ ጥገና አለ። በስሕተት ነው። መልሱልኝ።»

ሰኞ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አለችው። ይቆዩ አለችው። ቆየ። ዘፈን አስደመጡት፣ ተቋረጠ፣ እንደገና ደወለ። አንድ ተማሪ መጥቶ መስኮቱን ሲያንኳኳ ዛሬ የለም ብሎ በእጁ መለሰው። በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ስልኩ ላይ መጣና ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ፣ ረቡዕ ጠዋት ሳትበላ ና አለው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ቦታ እንድንለዋወጥ ነገረኝ። ቤት ስንደርስ ምራቴን በሩ ላይ እንዳገኛት ሁለቱም መኝታ ቤት ገብተው ዘጉ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ስል ጠበቃዋ ክንዴን ይዛ ኩሽና አስገባችኝ።

አርብ ዕለት ነርሷ ዘንድ ሄድን። እሱ የተሰጠውን ወረቀት አንድ በአንድ፣ የመንገድ ሕግ እንደሚያነብ አነበበው። አይደክመውም እላለሁ በልቤ፣ ይፈርምና እንሂድ። እሱ ግን ይጠይቃል። ለክትባቱ የሚወሰደው ዕጢ ካነሰ ምን ይሆናል? ክትባቱን ማዘጋጀት ላይቻል ይችላል አለችው። ሥራ መሥራት እችላለሁ? አንዳንድ ቀን አትችልም አለችው። እስካሁን ስንት ሰው ዳነ? ዳነ የምለው ሰው የለኝም አለችው፤ ጥቂት ሰዎች ናቸው የወሰዱት፣ በአንዳንዶቹ ሰውነታቸው መዋጋት ጀምሯል፣ በሌሎቹ ምንም አላየንም፣ ገና እየጠበቅን ነው።

ወንበሬ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እኔ ነኝ የምነቃነቀው። ልጄ ሳያየኝ ጉልበቴ ላይ እጁን አሳረፈ። በሌላኛው እጁ ፈረመ።

ነርሷ ውጤት ሲመጣ ለማን እንንገር ብላ ጠየቀችው።

«ለእኔ» አለ። «ቀጥሎ ለባለቤቴ።»

«ለእናትህስ?»

«ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ። አንቺ ከነገርሻት መንገድ ላይ ስሙን ትቀይረዋለች።»

ነርሷ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች።  

ረቡዕ ጠዋት ወሰዱት። ምራቴና ጠበቃዋ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተያይዘው ተቀመጡ። እኔ መስኮቱ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ወደ በሩ እመለሳለሁ። ዘበኛው እማማ ይረፉ እንጂ አለኝ። አረፍኩ፣ ተነሣሁ። ከጎኔ ሌላ ሴት ነበረች፣ እሷም ውስጥ ሰው አላት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች ነው።

የቀዶ ክፍሉ በር ተከፈተና አንድ ሰው ወጣ። ጫማው ላይ ሰማያዊ ሽፋን አጥልቋል፤ በእጁ ነጭ ሳጥን ይዟል፣ የምሳ ዕቃ የሚያህል፣ ከክዳኑ ሥር የበረዶ ጭስ የሚወጣ። አይሮጥም ግን ከመራመድ ይፈጥናል። ወደ ጀርባው ሕንፃ በሚያወጣው በር በኩል ታጠፈ። ጠበቃዋ አየችኝ፣ አዎ እሱ ነው እንደማለት አንገቷን ነቀነቀች። ሳላውቀው ቆሜ ነበር።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ምን ይሆን የያዘው፣ መድኃኒት ነው እንዴ አለችኝ።

«የልጄ ካንሰር ነው» አልኳት። «መድኃኒት ይሠሩበታል፤ ይሁን አይሁን ገና አይታወቅም።»

ሴትዮዋ ቦታ ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም።